ጾመኛው መቻል

አጎናፍር የአዲሱን ውሻ ግራ ጆሮ በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ከጫፉ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል ጠጉር በመቀስ አነሳ። ጉልበቱ ላይ ካኖረው ፎቶግራፍ ጋር አስተያየና ጥቂት ጨመረበት። የአሮጌውን ውሻ ጆሮ ከስድስት ዓመት በፊት የአሳንሰር በር ይዞት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እዚያች ቦታ ላይ ጠጉር በቅሎበት አያውቅም። አዲሱም ላይ አይበቅልም፤ ለዚህ የሚሆን ቅባት አለ። ቀባው። ከዚያ አሮጌው የሚተኛበትን ብርድ ልብስ አንስቶ የአዲሱን አንገት፣ ሆዱንና የጣቶቹን መሃል አሸት አሸት አደረገ።

አሮጌው ከሶፋው ሥር ተጋድሞ ያየዋል። አሮጌዎቹ ሁሉ ዝም ብለው ያያሉ። አጎናፍር በዘጠኝ ዓመት የሥራ ዘመኑ የጮኸበት አሮጌ ውሻ የለም፤ የሚጮኹት አዲሶቹ ናቸው።

ቀኑ እሑድ፣ የሁለት ሺህ ሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት የጰራቅሊጦስ በዓል ነበር። የቤቱ ባለቤት እትዬ ሶልያና ቅዳሴ ላይ ናቸው። ሰንዳፋ ከአዲስ አበባ ጋር ከተጋጠመች በኋላ ከተሠሩት ሕንፃዎች በአንዱ፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው። ውሻቸው መቻል ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ባለፈው ጥር ልደቱን ሲያከብሩለት የፎቁ ሰው ሁሉ መጥቶ ኬክ በልቷል።

ውሻ ሠላሳ አንድ ዓመት እንደማይኖር የበላውም ያበላውም ያውቃል። ነገር ግን አንድ ጊዜ ወረቀት ላይ ይፈረማል፤ ከዚያ በኋላ ባለቤቱ አይጠይቅም፣ የሚያድሰው ቢሮ አይናገርም። በየአሥር ዓመቱ ገደማ፣ ባለቤቱ ከቤት በወጣበት በአንዱ ቀን፣ አጎናፍርን የመሰለ አዳሽ በሻንጣ አምሳያውን ያስገባል፣ በዚያው ሻንጣ አሮጌውን ያስወጣል። ባለቤቱ ሲመለስ ውሻው ይዘልበታል። «ዛሬ ደግሞ ምን ነካህ!» ይላል ባለቤቱ። ማታ ጎረቤቱን አሳንሰር ውስጥ ሲያገኝ፣ «የአየሩ ለውጥ ተስማማው መሰለኝ» ይላል። ጎረቤቱም ዓይኑን የፎቆቹ ቁጥር ላይ ተክሎ፣ «በጣም እንጂ!» ይላል። በሕንፃው ያሉ ልጆች እንስሳ እንደሚሞት አያውቁም። አምና አራተኛ ፎቅ ላይ አያቷ የሞቱባት ሕፃን፣ «ለምን አላሳደሳችኋቸውም?» ብላ የለቀስተኛውን ወሬ ቀጥ አድርጋዋለች።

አጎናፍር ደንበኞቹን ይንቃቸዋል። ከእያንዳንዱ መተካት በፊት ሦስት ሳምንት ሙሉ የቤታቸውን ድምፅና ምስል እየተመለከተ የእንስሳውን አመል ይመዘግባል። ስለዚህም ብቻቸውን ሲሆኑ ምን እንደሚሉ ያውቃል። እናቱን በዓመት አንድ ጊዜ የማይጠይቅ ሰው ለድመቱ እሹሩሩ ሲል ሰምቷል። ሚስቱን በጥፊ የመታ ሰው በዚያው ደቂቃ የውሻውን ጭራ ስለረገጠ ተንበርክኮ ይቅርታ ሲለምን አይቷል። ፍቅራቸው ውሸት ነው አይልም፤ እውነት ነው። የሚንቀው፣ ሞቱ ሲቃረብ መጨረሻውን ለሌላ ሰው ማስያዛቸውን ነው።

አሮጌውን ሻንጣ ውስጥ አስገብቶ ዚፑን ዘጋ። በመኪና ወደ መቆያው ወሰደው። አሮጌዎቹ እዚያ አምስት ቀን ይቆያሉ፤ ሳይመዘገብ ያመለጠ አመል ቢኖር ከእነሱ ላይ ታይቶ ይታረማል። በአምስተኛው ቀን፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ መርፌ ይወጋሉ። የዚህኛው ዓርብ ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አለቃው ምንትዋብ ደወለችለት።

«አንተ፣ ሦስተኛህ መጣልህ።»

ሦስት ጊዜ የታወቀበት አዳሽ ከሥራ ይወጣል። አጎናፍር ሁለት ነበረው።

«የማን?» አላት።

«የሰንዳፋዋ አሮጊት። ውሻቸው ሥጋ በላ።»

«ውሻ ሥጋ ይበላል እኮ።»

«ዛሬ ረቡዕ ነው።»

«ታዲያስ?»

«ይጾማል ነው የሚሉት! ረቡዕና ዓርብ!» ምንትዋብ ሳቋን መያዝ አቃታት። «አመሉን የቀረጽከው መቼ ነው?»

«ግንቦት ውስጥ።»

«ግንቦት በሙሉ በሃምሳው ውስጥ ነበር! ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። አንተ ክርስቲያን አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ።»

«ያውም አንገትህ ላይ ክር አስረህ! እስከ ዓርብ ቅሬታቸውን ካነሱልህ፣ እኔ አላየሁም፣ አልሰማሁም። ድምፃቸውን ልኬልሃለሁ፤ ስማው።»

ሰማው። በዘጠኝ ዓመት ብዙ ቅሬታ ሰምቷል፤ ቀለሙ ደመቀ፣ ጩኸቱ ቀጠነ፣ ሶፋ ይበላል። የእትዬ ሶልያና ግን እንዲህ የሚል ነበር፦ «ይሄ እንግዳ ነው። የእኔ ልጅ የት ነው ያለው? መልሱልኝ። ቢታመምም ቢያረጅም የእኔ ነው፤ መልሱልኝ።» ከዚያ ስልኩን መዝጋት ረስተው ሲያለቅሱ ይሰማል።

አጎናፍር ሁለተኛ አዳመጠው። መልሱልኝ ያለ ሰው እስከ ዛሬ አልነበረም።

ሐሙስ ጠዋት በራቸውን አንኳኳ። እትዬ ሶልያና አጭር፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። አርባ ዓመት መድኃኒት ቤት ቆመው ስለሠሩ ሰው ሲያዩ መጀመሪያ እጁን ነው የሚያዩት። አዲሱ ውሻ እግራቸው ሥር ይዘላል፤ አያዩትም።

«ጫማህን አውልቅ። አንተ ነህ የወሰድከው?»

ደንቡ፣ አላውቅም በል፣ ይላል።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ቁጭ በል።» እሳቸው ግን አልተቀመጡም። «ባለቤቴ ናታን ከሞተ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ያኔ ማዕድ ብቻዬን ስቀርብ እህል ከጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ። ሽሮዬን ለመቻል ሳካፍለው ለመደ። ወዲያው ረቡዕና ዓርብ ሥጋ ቢሰጡት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ጀመር። ማንም አላስተማረውም። ሰው ከእኔ ጋር አይጾምም፤ ልጆቼም ትተውታል። እሱ ይጾማል።»

«ትናንት ምን ሆነ?»

«ጎረቤቴ ጋሽ ያፌት ናቸዋ! በየረቡዑና በየዓርቡ ቁርጥ ይዘው ኮሪደር ላይ ይቆማሉ። መቻል ፊቱን ሲያዞር ለማየት ሰው ከሌላ ፎቅ ሁሉ ይመጣል። ትናንት ስምንት ሰው ነበር፤ አንዷ ከአዳማ የመጣች እንግዳ። ይሄ…» በአገጫቸው ወደ አዲሱ ውሻ ጠቆሙ፣ «ይሄ ላፍ አደረገው። ጋሽ ያፌት እስኪያለቅሱ ሳቁ። ‹ሶሊዬ፣ መቻል ጾሙን ገደፈ! ንስሐ አባቱን ጥሪለት!› አሉኝ በሰው ፊት።»

«ገባኝ።»

«ሰው ሳቀብኝ ብዬ እንዳይመስልህ።»

መስሎት ነበር።

«የእኔን አምጣልኝ» አሉት።

«አርጅቷል፣ እትዬ።»

«እኔስ?»

«የወጣ አይመለስም ነው ደንቡ። ነገ ስድስት ሰዓት ላይ…»

«ስድስት ሰዓት ላይ ምን?»

ዓይኑን ወደ አዲሱ ውሻ አወረደ። እሳቸው በእጃቸው አፋቸውን ያዙ።

«ከስድስት ሰዓት በፊት አምጣው» አሉት በመጨረሻ። «እባክህ፣ ልጄ።»

አጎናፍር በአሳንሰሩ ሲወርድ፣ አብረውት ከሚወርዱት ሰዎች አንዷ የሃያ ስምንት ዓመት ድመቷን አቅፋ ትስም ነበር። እንደ ወትሮው ሊንቃት ፈለገ፤ ሐሳቡ ግን አሥራ አራተኛ ፎቅ ቀርቶ ነበር።

ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ መቆያው ገባ። አሮጌው መቻል በቁጥር ሰባት ጎጆ ውስጥ አገጩን መሬት ላይ አስተኝቶ ነበር። ሆዱ ውስጥ ያለው እብጠት ከእሑድ ወዲህ ጨምሯል። አጎናፍር መዝገቡን ከፍቶ፣ ስድስት ሰዓት ላይ መጻፍ ያለበትን ቃል በሦስት ሰዓት ጻፈው፦ ተፈጽሟል። ፈረመበት። ከዚያች መስመር በኋላ ውሻው የትም ወረቀት ላይ የለም። ያልታደሰ እንስሳ ይዞ መገኘት ከሥራ ብቻ አያስወጣም፤ ፍርድ ቤትም ያደርሳል። ይህን እያወቀ ሻንጣውን ከፈተ፤ ውሻው ሳይጎትቱት ገባለት።

አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ከአሳንሰሩ ሲወጣ፣ ጋሽ ያፌት በፒጃማ ኮሪደሩ ላይ ቆመው አገኛቸው። ሰማንያ አልፏቸዋል። በአንድ እጃቸው ሥጋ ያለበት ሳህን ይዘዋል፤ ተመልካች ዛሬ አልመጣላቸውም።

«ማንን ፈለግህ፣ ወንድሜ?»

«እትዬ ሶልያናን።»

«የገደፈውን ልትገዝት መጣህ?» ብለው ሳቁ። ከዚያ የሻንጣውን መንቀሳቀስ አዩ።

አጎናፍር ዚፑን ከፍቶ ውሻውን አወጣው። ውሻው እግሮቹን አመቻችቶ ለመቆም ጊዜ ወሰደበት። ጋሽ ያፌት ልማድ ሆኖባቸው አንድ ጉማጅ ሥጋ አንስተው ወደ አፍንጫው ዝቅ አደረጉለት። አሸተተው። ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የሽማግሌው ሳቅ ከግማሽ ቆመ።

«እሱ ነው» አሉ በዝግታ። «መቻል ነው።» አጎናፍርን አዩት፣ ሻንጣውን አዩ፣ የውሻውን ሆድ አዩ። «እኔ ምንም አላየሁም» አሉና ገብተው በራቸውን ዘጉ።

እትዬ ሶልያና ከማንኳኳቱ በፊት ከፈቱ። እዚያው ደፉ ላይ ተንበረከኩ። «መቻልዬ! የኔ ጌታ! አባቴ!» ጭንቅላቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባሩን ሳሙት። ውሻው ጭራውን ሁለት ጊዜ ምንጣፉ ላይ መታ። አጎናፍር ከነጫማው ቆሞ አያቸው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሥራው የተገኘ ነገር ያኮራው መሰለው።

ውሻው ወደ ሳሎኑ አራት እርምጃ ሄደ። በአምስተኛው የኋላ እግሮቹ ታጠፉ። እዚያው፣ ምንጣፉ ላይ፣ ሸና፤ ሽንቱ ቀላ ያለ ነበር። አዲሱ ውሻ ከወጥ ቤት እየሮጠ መጥቶ አሸተተውና ጆሮውን ላሰው። አንድ ዓይነት ናቸው፤ የግራ ጆሯቸው መላጣ እንኳ አንድ ነው።

እትዬ ሶልያና ጨርቅ አመጡ። ምንጣፉን ጠረጉ። ከዚያ መታጠቢያው ጋ ሄደው እጃቸውን እስከ ክርናቸው፣ የመድኃኒት ቤት ሰው እንደሚታጠበው፣ ለረጅም ጊዜ ታጠቡ። ሲመለሱ ከውሻው ርቆ ያለውን ወንበር መረጡ።

«እብጠቱ ስንት ጊዜው ነው?»

«እኔ ካየሁት ወር ይሆነዋል። እርስዎ ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ።»

አዲሱ ውሻ መጥቶ አገጩን ጉልበታቸው ላይ ጣለ። ዛሬ አልገፉትም።

«ናታንን አራት ዓመት አስታምሜዋለሁ» አሉ። «መርፌውን የምወጋው እኔ ነበርኩ። የሚወዱትን ማስታመም ያምራል ሲባል እሰማለሁ፤ አስታምሞ የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። ያ ሽታ አሁን ገባ፤ አልሸተተህም?»

«መልስልኝ ብለውኛል፣ እትዬ።»

«ብያለሁ።»

«ቢያረጅም ቢታመምም ብለዋል።»

«ሳላየው ነዋ!»

«ከመዝገብ አጥፍቼዋለሁ» አለ አጎናፍር። «ሞቷል ብዬ ፈርሜያለሁ። አሁን ልመልሰው አልችልም።»

«እኔ አጥፋው አላልኩህም።» ድምፃቸው ጸና፤ የሐኪም ማዘዣ የሌለውን ደንበኛ የሚመልሱበት ድምፅ ነበር። «እስከ ዛሬ ወድጄዋለሁ። ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ አይደለም፤ ፈርሜ የሰጠኋችሁ እኮ ይሄንኑ ነው።»

አጎናፍር ሻንጣውን አነሳ። ንቀቱ ከነሙሉ ክብደቱ ተመለሰለት፤ ያውም የሚበዛው ወደ ራሱ ዞረ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቤታቸውን ሲያዳምጥ ኖሮ፣ በአንድ የስልክ ለቅሶ ተሸወደ።

«ቆይ» አሉት። «ከመሄድህ በፊት ያሳየው።»

«ምኑን?»

«አመሉን። ለዚህኛው ያሳየው። ሰው ከሚያስተምረው ከራሱ ከመቻል ቢያይ ይሻላል።»

ቀና ብሎ አያቸው። አላፈሩም። ቀድመው ተነስተው ኮሪደሩን ተሻገሩና የጋሽ ያፌትን በር አንኳኩ። በሩ የእጅ ስፋት ያህል ተከፈተ፤ ሳህኑ በክፍተቱ ወጣ፤ በሩ ተዘጋ።

ሁለቱን ውሾች ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። አጎናፍር ሥጋውን ለአሮጌው አቀረበ፤ አሮጌው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እትዬ ሶልያና ሽሮ የነካ እንጀራ አጎረሱት፤ በዝግታ አላመጠ። ሥጋው ወደ አዲሱ ሄደ፤ አዲሱ ላፍ አደረገው። እንደገና። አሮጌው ዞረ፣ ጎረሰ። አዲሱ ሥጋውን ዋጠ። በአራተኛው ላይ አዲሱ ከመዋጡ በፊት አሮጌውን አየት አደረገ። በስድስተኛው ሥጋውን አፉ ውስጥ ይዞ ቆየና ጣለው። አሮጌው ደክሞት ጎኑን ምንጣፉ ላይ አሳረፈ። ሥጋው በቀረበለት ቁጥር ግን ጭንቅላቱን እንደምንም ብሎ ያዞር ነበር። በዘጠነኛው አዲሱ አሸተተ፣ አሮጌውን አየ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በአሥረኛውም እንዲሁ። በአሥራ አንደኛውም።

«ተመስገን!» እትዬ ሶልያና አጨበጨቡ። ሽሮውን አጉርሰው አንገቱን አቀፉት። «መቻል! የኔ መቻል!»

ሁለቱም ቀና አሉ።

አጎናፍር አሮጌውን አንስቶ ሻንጣው ውስጥ አስተኛው። እትዬ ሶልያና ወደ ሻንጣው ሳያዩ፣ ከሳህኑ የተረፈውን ሥጋ በፌስታል ጠቅልለው ሰጡት።

«ይሄንንም ውሰድልኝ። ዓርብ ቀን ሥጋ ቤቴ አይውልም። ቅሬታዬን አሁኑኑ አነሳልሃለሁ፤ ጎበዝ ልጅ ነህ።»

የአሳንሰሩ በር እስኪከፈት ድረስ ድምፃቸው ከኋላው ተሰማው፤ «ጋሽ ያፌት! ኑ እስቲ ውጡ፣ እዩት!» የወዲያኛው በር ተከፈተ። የሽማግሌው ሳቅ መጣ። «አይ መቻል! ረቡዕ የአየሩ ለውጥ ነበር ለካ!»

«በጣም እንጂ!» አሉ እትዬ ሶልያና።

ምንትዋብ የደወለችው ለገጣፎ፣ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ነው።

«አነሱት! አፈር ስሆን፣ ምን አድርገህላቸው ነው?»

«አስተማርኩት።»

«ማንን?»

«ውሻውን።»

«የስድስት ሰዓቱስ አለቀ?»

«መዝገቡን እዪው።»

ወረቀት ስትገልጥ ተሰማው። «ተፈጽሟል ይላል» አለች። «በል፣ ሰኞ ሁለት አሉህ፤ አንደኛዋ በቀቀን ናት። በቀቀኗ ደግሞ መዝሙር ትችላለች፤ ዘንድሮ ምን ዓይነት ደንበኛ ነው የምትስበው!»

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ትንሽ ማቀዝቀዣ። አጎናፍር እንስሳ ኖሮት አያውቅም፤ ለእንስሳ የሚሆን ሳህንም የለውም። ሻንጣውን ወለሉ ላይ ከፈተ። ውሻው አልወጣም፤ ጭንቅላቱን ብቻ በሻንጣው ጠርዝ ላይ አውጥቶ የአልጋውንና የጠረጴዛውን እግሮች ያያል። አጎናፍር አጠገቡ ቁጢጥ አለ። ፌስታሉን ፈትቶ ከሥጋው ቀይ የሆነውን፣ ጮማ የሌለበትን መረጠና አቀረበለት።

«ማንም አያይህም» አለው። «እሳቸውም የሉም።»

ውሻው አሸተተ። ግድግዳው ሩቅ ነበር፤ ፊቱን ወደ አልጋው እግር አዞረ።

«ቂል» አለው አጎናፍር።

የምሳ ዕቃውን ክዳን አምጥቶ፣ ከትናንት የተረፈ ምስር ውኃ አድርጎበት ዳቦ ፈተፈተበት። ውሻው ግማሹን ያህል በላና ተኛ። ሲተነፍስ ሆዱ በአንድ ወገን ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል። አጎናፍር እስከ መቼ እንደሚተነፍስ ከልምዱ ያውቃል፤ ሁለት ሳምንት፣ ቢበዛ ሦስት። የመጨረሻዎቹ ቀናት እንዴት እንደሚሆኑ ግን አያውቅም። እሱም አይቶ አያውቅም።

ተነሳ። ክዳኑን አጥቦ ደፋው። ሥጋውን እንደገና በፌስታሉ ጠቀለለ፣ አፉን ሁለት ጊዜ ቋጠረ፣ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ቅዳሜ ጠዋት ፈልጎ እንዳያጣው፣ ከፊት አድርጎ አስቀመጠው። በሩን ዘጋ።